ከመግነዙ ጎን

«እግሬን እጠቡኝ እንጂ! ሰው አባቱን በአቧራ እግር ይቀበላል?»

የአያቱ ድምፅ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ ቢያድግልኝ ገና ከአልጋው አልወረደም። እማማ ሸጊቱ ጆሯቸው ከከዳቸው ወዲህ ሹክሹክታ የሚባለውን ረስተውታል፤ ጸሎታቸውም ሐሜታቸውም ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። ዛሬ የሸጊቱ አባት እንደሚናገር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሆኖም የሳቀ ጎረቤት የለም። በዚህ ዓመት በደብረ ታቦር ከሞተ ሰው አንድ ቃል የሚጠብቅ ቤት ስለበዛ ይሆናል። ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማው። አክስቱ እመቤት ሳፋውን ለእናቷ እያስጠጋች ነበር። እመቤት ልጇን ከቀበረች ወዲህ ለቢያድግልኝ የምትናገረው «እንካ»፣ «ብላ»፣ «በሩን ዝጋው» ብቻ ሆኗል።

«ነጩን ነጠላዬንም አውጪልኝ፤ የጥምቀቱን!»

«አጥሚቱን አስቀድመው ይጠጡ።»

«ምን አልሽ?»

«አጥሚቱን!» ብላ ጮኸች እመቤት።

«እሱን ሳልሰማ እህል በአፌ አይገባም ብያለሁ። ቃል ቃል ነው። አንሺው።»

ይህን ያሉት ትናንት ማታ ነው፤ ያሉትንም አደረጉት። ከፋሲካ በኋላ ሆስፒታል የወሰዷቸው ጊዜ ወጣቱ ሐኪም የሆዳቸውን ነገር ለቢያድግልኝ በእንግሊዝኛ ሲያብራራለት ቆየና መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ እመቤት ዞሮ በአማርኛ «የሚወዱትን ይስጧቸው» አላት። እመቤት ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። የሚወዱትን ሲጠየቁ እማማ ሸጊቱ ማርም ሥጋም አላሉም። «የአባቴን ድምፅ» አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን እያዩ። ቢያድግልኝም «እሺ» አለ። ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ መካኒካል ምሕንድስና ተምሮ የተመለሰ ሰው ሌላ ምን ይላል? በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ነው ሰዉ «ለምን ተመለስክ?» እያለ ይጠይቀው የጀመረው። መልስ አጥቶ ከርሞ፣ ያ «እሺ» ከአፉ ሲወጣ መልሱ የተገኘ መሰለው።

ወርቁ፣ ማለትም የእማማ ሸጊቱ አባት፣ የጉና ሰው ነበር፤ በቅሎ ነጂ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ዘፈንና ተረት የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ከነጓዙ ጭኖ ወደ ጋይንት አሻገረ። ፈረንጁ የድምፅ መቅረጫውን ለመሞከር «አፍህን ጡሩምባው ላይ አድርግና ተናገር» አለው፤ ወርቁም ተናገረ። ምን እንደ ተናገረ ዘመዱ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ቀረርቶ ነው የሚል አለ፤ በቅሎዋን ነው የሰደበ የሚል አለ። የእማማ ሸጊቱ እናት ግን እስኪሞቱ ድረስ «ሆዴን እያየ፣ ለጽንሱ ነው የተናገረው» ይሉ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንጁ ሳጥኑን ጥሎለት ሄደ። ወርቁ ዘመተ፤ አልተመለሰም፤ መቃብሩም አልታወቀም። ሸጊቱ ከተወለዱ በኋላ እናታቸው ሳጥኑን እየሞሉ ያናግሩት ነበር፤ ሕፃኗም ያንን ድምፅ ስትሰማ ልቅሶዋን ታቆም ነበር አሉ። ከዚያ ማሽኑን የሚያዞረው ጥቅልል ብረት፣ ሞላው፣ ተበጠሰ። እማማ ሸጊቱ ድምፁን ሰምተውታል፤ አያስታውሱትም። የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው። አባታቸውን አንቱ አይሉትም። «ሲሞት ከቢያድግልኝ ያንስ ነበር፤ ልጅ ነው» ይላሉ።

ሳጥኑ ብዙ ዘመን ጉና ግርጌ እንደ በርጩማ ሲያገለግል ኖሯል፤ ጡሩምባውም ገብስ ወደ ስልቻ ማንቆርቆሪያ ነበር። አምና እማማ ሸጊቱን ወደ ከተማ ሲያወርዷቸው ከድንች ጆንያ ጋራ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ቢያድግልኝ ክዳኑን ከፍቶ አየ። ሸክላ የሚያጫውተው ዓይነት ግራሞፎን አይደለም። ከሸክላም የሚቀድመው፣ ድምፅን በሰም ቱቦ ላይ የሚቀርጸው ፎኖግራፍ ነው፤ ቡዳፔስት ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ታጥሮ አንድ ጊዜ አይቶታል። ቱቦውንም በክብ የካርቶን ዕቃ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ አገኘው። ቡናማ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ ጭረት ተጠምዝዟል። ወርቁ ያለው እዚያ ጭረት ውስጥ ነው። ደጋግሞ ከተጫወተ የሚያልቅ፣ ሙቀት ካገኘው የሚጣመም ነገር ስለሆነ፣ ማሽኑ እስኪጠገን ብሎ በቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነው፣ አይጥ ከማይደርስበት ቦታ አኖረው፤ ከእማማ ሸጊቱ የልብስ ሳጥን ውስጥ፣ ለቀብራቸው ብለው ካስቀመጡት መግነዝ ጎን። ያን ጊዜ ቁልፉ በአያቱ እጅ ነበር፤ ኋላ ነው በእመቤት አንገት የገባው። ከዚያ በኋላ ለቤተሰቡ በየጊዜው ይናገር የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማሽኑን እንዳትነኩ።» ማሽኑንም የነካ አልነበረም።

ከዚያ የካቲት ላይ ታምራት ሞተ። የእመቤት አንድ ልጅ ነው። ከገሳይ ሲመለስ በተሳፈረበት ሚኒባስ ላይ ተተኮሰ። ማን እንደ ተኮሰ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ራሱ ሌላ ሰው ያስቀብራል። በድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተነሥተው ሲያለቅሱ ቢያድግልኝ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚቀመጥ ጠፋው። እንባው አልመጣ አለ። ብዙ ዓመት በባዕድ አገር ሲኖር ልቅሶ የሚባለውን ረስቶታል፣ ወይም መጀመሪያም አልተማረውም። በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍሉ ገብቶ የማሽኑን አንድ የዛገ ጥርስ በሞረድ ይሞርድ ጀመር። የሞረዱ ድምፅ ድንኳኑ ድረስ እንደሚሰማ ያወቀው ቀና ሲል እመቤት በሩ ላይ ቆማ ስታየው ነው። ምንም አላለችውም። እስከ ዛሬም አላለችውም።

ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ። ዛሬ የሚቀረው ጡሩምባው ብቻ ነበር። በረንዳው ላይ እመቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው።

«ሄጄ ጡሩምባውን አመጣለሁ፣ እትዬ።»

«በሩን ዝጋው» አለችው።

ባጃጁ ሠላሳ ብር ጠየቀው፤ ባለፈው ወር ሃያ ነበር። «ቤንዚን በጥቁር ገበያ ነው ጌታዬ፤ በእግርህ ብትሄድ ለጤናም ይሻላል» አለው ሾፌሩ፤ ነገሩ ቀልድ ይሁን ምክር አልተለየም። ገበያው ሳስቷል። ድንቹ ከጉና ወርዷል፤ በርበሬውና ጨው ግን ዋጋው አይቀመስም፤ ከወዲያ ማዶ መንገድ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲባል ደግሞ አንድ መኪና ይገባል። በላይነህ ቆርቆሮ ሠሪው ባልዲና ምድጃ በሰቀለበት ደጃፉ ላይ ጡሩምባውን በአናቱ ደፍቶ ተቀምጦ አገኘው።

«መጣ ዶክተር! ዘውዴን ልትነጥቀኝ ነው?»

«ዶክተር አይደለሁም ብዬሃለሁ።»

«ከውጭ የመጣ ሁሉ ዶክተር ነው። ከውስጥ የቀረን ደግሞ በሽተኞች ነን።» ጡሩምባውን አውርዶ ወደ ፀሐይ አዞረው። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በቀለጠ ስታኞ ተበይደው ተደፍነዋል፤ አንድም ብርሃን አያስገባም። «ስማ፣ ውስጡን ስጠርግ ገብስ ወጣ። እሷን ደሮዎቼ በሏት። አያትህ ይጠይቁኝ ይሆን?»

ቢያድግልኝ ሳይወድ ሳቀ። ማሽኑ ውስጥ የዚህ ከተማ ያልሆነ ነገር አልቀረም ማለት ይቻላል። በድምፁ የምትንቀጠቀጠውን ስስ፣ ብርጭቆ መሳይ ልጣጭ ከተቃጠለ ካውያ ሆድ አወጣት። ዙሪያዋን የሚይዘውን ጎማ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆረጠው። ቀበቶው የኮርቻ ጠፍር ነው። ሞላውን ይኸው በላይነህ ከተሰበረ የውኃ ፓምፕ ማስነሻ ፈቶ ሰጠው።

«ሞላዋን ግን አደራ» አለ በላይነህ ሂሳቡን ሲቀበል። «ገመድ ስበህ ለምትለቃት ናት የተሠራች። እስከ ጥግ አትሙላት። ግማሽ ሲደርስ ተዋት፤ አለዚያ ጧ ትላለች፤ ሁለተኛ ደግሞ የለኝም።»

ወደ ቤት ሲመለስ ፍተሻ ላይ ባጃጁን አስቆሙት። ፈታሹ ልጅ እግር ነው፤ ጡሩምባውን ተቀብሎ በሰፊው በኩል አየበት፣ በጠባቡ በኩል አየበት።

«ምንድን ነው?»

«የድሮ ድምፅ ማጫወቻ ጡሩምባ ነው።»

«የማንን ድምፅ?»

«የአያቴን አባት።»

ፈታሹ መሣሪያውን ወደ ጀርባው ገፋ አደረገ። «እኔም የአባቴ ድምፅ ስልኬ ውስጥ ነበረኝ» አለ። «ስልኩ ጠፋ።» ጡሩምባውን በሁለት እጁ መለሰለት።

የቀረውን መንገድ ቢያድግልኝ ጡሩምባውን በደረቱ አቅፎ ሄደ። በሕይወቱ አንድ ነገር ጀምሮ የሚጨርስበት ቀን ዛሬ እንደሆነ ተሰማው። የጀመራቸውን ቆጠረ፤ ሃንጋሪ ሊያገባት የነበረችውን ሴት፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍት በሆነባቸው ሳምንታት ብቻ የሚያስተምረውን ትምህርት፣ ለእመቤት ሊላት አስቦ ያልተነፈሰውን የማጽናኛ ቃል። ድምፁ ከጡሩምባው ሲወጣ እመቤትም ትሰማለች። የሞተ ሰው ፈጽሞ እንደማይጠፋ በጆሮዋ ትሰማለች። ያን ጊዜ እሱ መናገር አያስፈልገውም፤ የሞረዱንም ድምፅ ይቅር ትለዋለች።

ቤት ሲደርስ እማማ ሸጊቱ እግራቸው ታጥቦ፣ ነጠላቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሻሻቸውን ከቀኝ ጆሯቸው ገለጥ አድርገውታል። በአጠገባቸው የተቀመጠው አጥሚት አልተነካም። ጡሩምባውን ሲያዩ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ቢያድግልኝ በክፍሉ ጡሩምባውን ከማሽኑ ገጠመ፤ ጥርሶቹን ቅባት ነካ ነካ አደረጋቸው፤ ግማሽ ሞላና ፍሬኑን ለቀቀው። ቱቦው የሚጠለቅበት ባዶ ከበሮ ያለ መንገጫገጭ ዞረ። ያማረ አዟዟር ነበር። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ።

«እትዬ፣ ሳጥኑን ክፈቺልኝ።»

እመቤት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። ተንበርክካ ከፈተች። መግነዙን በጥንቃቄ አንሥታ፣ መሬት እንዳይነካ፣ ክንዷ ላይ አጋደመችው። ክቡ ካርቶን ከሥሩ ነበር። ቢያድግልኝ ሲያነሣው እጁ ከሚጠብቀው በላይ ፈጥኖ ተነሣ። ቀሎ ነበር። ክዳኑን ከፈተው። ጥጡ አለ። ቱቦው የለም።

አይጥ ነው ብሎ አሰበ፤ የሳጥኑን ጥግ በእጁ ዳሰሰ። እመቤት መግነዙን እንደታቀፈች አየችው።

«ሰሙን ነው የምትፈልገው?» አለች።

«የምን ሰም?»

«ከዚያ ውስጥ የነበረውን።»

ጥጡን እንደገና ገለጠው። እሷ ግን እንደ ተጠየቀች ሁሉ መናገር ጀመረች፤ ከየካቲት ወዲህ ያልተነገረው ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣ ጀመር። «የታምራት አርባ ሲደርስ ሰም ከገበያ ጠፋ። መንገድ ተዘግቶ አልነበር? ቤቱን ሁሉ ዞርኩ። ልጄን በጨለማ ልፈታው ነው? ሳጥኑን ስከፍት ከመግነዛቸው ጎን አየሁት። ለራሳቸው ቀብር ጧፍ ይሁነኝ ብለው ያስቀመጡት ነው አልሁ። ሽማግሌ ሁሉ ያስቀምጥ የለም? የእናቴን የሞት ስንቅ ሰረቅሁ፣ ቢያድግ። ጠይቄያቸው ቢሆን እኮ አይከለክሉኝም ነበር፤ ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? የሚሞቱበትን ቀን ማስታወስ አይሆንም? ኋላ እተካዋለሁ ብዬ ወሰድሁት። በእጅ አልታሽ አለኝ፤ ሰንብቶ የደረቀ መስሎኝ በድስት አቀለጥሁት፤ ትንሽ ንጹሕ ሰም ቀላቀልሁበት። ሲነድ ጭስ በዛው፤ ሳሙና ሳሙና ሸተተ። ቄሱ ሳሉ።»

ከዚያ ተነሥታ ከዱቄት ዕቃው ጀርባ በጨርቅ የታሰረ ነገር አወጣች። ፈታችው። ብጫ፣ አዲስ፣ ማር ማር የሚሸት የሰም ድቡልቡል ነበር። «ይኸው። ገበያ በወጣሁ ቁጥር በሃምሳ ብርም በመቶ ብርም ስገዛ ነው የከረምሁት። ከወሰድሁት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ልመልሰው ነበር፤ አንተ ቁልፉን ቀድመህ ጠየቅኸኝ።»

ቢያድግልኝ ድቡልቡሉን በእጁ ተቀበለው። ከብዶት አረፈበት። እውነቱን ነገራት።

«ድምፁ እዚያ ላይ ነበር፣ እትዬ። ማሽኑ ውስጥ ምንም የለም። ድምፁ ሰሙ ላይ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ወደ ማሽኑ ክፍል አየች፤ ወደ ባዶው ካርቶን አየች። ገብቷት ፊቷ ሲለወጥ ማየት አልቻለም።

«ማሽኑን እንዳትነኩ አልህ እንጂ» አለች በቀስታ። «ማሽኑን። እኔ መጥረጊያ እንኳ አላስነካሁትም። በክፍልህ በር ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።»

«አዎ።»

«አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበር? ይህችን እወቂያት ብትለኝ?»

አንድ ቃል። ለተማሪዎቹ ስለ ጥርስና ስለ ሞላ ሰዓት ሙሉ ይናገራል። ለእሷ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ይገባታል ብሎ ስላላሰበ ይሁን፣ ለመናገር ሳይጀምር የሚደክመው ሰው ስለሆነ ይሁን፣ አሁን ሊለየው አልቻለም።

«ምነው ዘገያችሁ?» የሚል ጩኸት ከወዲያ መጣ። «አባቴን እናንተ ጓዳ ውስጥ ልትሰሙት ነው?»

ማሽኑን ተሸክሞ ገባ። እነግራቸዋለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። በበርጩማው ላይ አስቀምጦ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «እምዬ፣ አንድ ነገር...» ሲል በእጃቸው ፊቱን ገፋ አደረጉት። «የአንተን ኋላ። መጀመሪያ እሱን።» የቢያድግልኝ እጅ የለመደውን ሥራ ሠራ፤ ግማሽ ሞላ፤ ፍሬኑን ለቀቀ። ባዶው ከበሮ ዞረ። መርፌዋ አየር ላይ ተንጠልጥላለች። እማማ ሸጊቱ ጆሯቸውን ጡሩምባው አፍ ውስጥ አስገቡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን በሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፉ፤ የጥርሶቹ ንዝረት በእንጨቱ አልፎ መዳፋቸውን አገኘው።

«ተነሣ!» አሉ። «እናቴ ማርያም! ይንቀጠቀጣል! ሲናገር ይንቀጠቀጣል!» እንባቸው ፈጥኖ ወረደ። «ቃሉ አልለይ አለኝ። እናንተ ትሰሙ የለም? ምን ይላል? ቢያድግልኝ፣ ምን ይላል?»

ቢያድግልኝ አፉን ከፈተ። የጉና በቅሎ ነጂ ለእርጉዝ ሚስቱ ሆድ ምን ይላል? የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጡ መሰሉት፤ ከመማሪያ ክፍል፣ ከባቡር ጣቢያ፣ በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈ መጽሐፍ። ማሽኑ ይዞራል፤ አያቱ ይጠብቃሉ። አንዲት ውሸት እንኳ አጣ።

ያን ጊዜ እመቤት መጥታ በእናቷ አጠገብ ተንበረከከች። አፏን ከጆሯቸው አስጠጋች።

«ሴት ከሆነች ሸጊቱ በሏት፣ ይላል» አለች።

ፈገግታ የመሰለ ነገር የእማማ ሸጊቱን ፊት ነካ ነካ አድርጎት ሄደ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ያዩት ማሽኑን አልነበረም።

«እመቤት።»

«አቤት።»

«ሽንኩርት ስትከትፊ ነበር?»

እመቤት እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

«አባቴ ሽንኩርት አይሸትም። ደግሞ ሸጊቱ ያለችኝ ክርስትና እናቴ ናት።» ድምፃቸው፣ ጆሯቸው ከከዳቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ አለ። «የት አደረጋችሁት?»

በሹክሹክታ የሚነገር አልነበረም፤ ሹክሹክታ አይሰሙምና። እመቤት መናገር የነበረባት ጮኻ ነው። ጮኸችም። «ለታምራት አበራሁት፣ እናቴ! ሰም መስሎኝ! ከመግነዝዎ ጎን አግኝቼው፣ ጧፍ አድርጌ አበራሁት!» በጎረቤት ግቢ ይወቅጥ የነበረ ዘነዘና ቆመ። መንደሩ ሁሉ ሰማ፤ ልቅሶዋን ያልሰሙባት ሁሉ ያን ቀን ይህን ሰሙባት።

«ያ ጭሳሙ?» አሉ እማማ ሸጊቱ።

«አዎ።»

ቀኝ እጃቸውን ከሳጥኑ ላይ አንሥተው መዳፋቸውን አዩት። «በዚህ ይዤው ነበር» አሉ። «ፍትሐቱ እስኪያልቅ ይዤው ነበር። ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ ይህን ሰም ያበላሸ እጁ ይሰበር ብዬ ረገምሁ።»

እመቤት ከመሬት አልተነሣችም፤ ግንባሯን የመደቡ ጠርዝ ላይ ደፍታ ቀረች። ቢያድግልኝ የሰሙ ድቡልቡል አሁንም በግራ እጁ እንዳለ አየ፤ ሙቀቱ አለስልሶት የጣቶቹ ምልክት ገብቶበታል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን አንኳኳ። ማሽኑ እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣ። ቆመ።

አሮጊቷ እጃቸውን መልሰው ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«ሙላው።»

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ ጮኸ። «ባዶ ነው እምዬ! ምንም የለበትም!»

«ሰምቻለሁ። ሙላው።»

ሞላው። ዞረ። መዳፋቸው ከእንጨቱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነበብም፤ ደስታም፣ ይቅርታም፣ ቁጣም። ሲቆም «ሙላው» አሉ። ሞላው። እመቤት ቀና ብላ የአጥሚቱን ጽዋ ወደ አፋቸው አቀረበች፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩ። መልሳ አስቀመጠችው። አጥሚቱ ቀዝቅዞ በላዩ ስስ ቆዳ አበጅቶ ነበር። ፀሐዩ ከመደቡ ወደ ግድግዳው ሲዞር ማሽኑ እንደገና ቆመ።

«ቶሎ ይቆምብኛል» አሉ። «ለምን በግማሽ ትሞላዋለህ? እስከ ጥግ ሙላው።»

ቢያድግልኝ እመቤትን አያት። እመቤትም አየችው፤ ከየካቲት ወዲህ እንዲህ ተያይተው አያውቁም። እጀታውን ያዘና አዞረው። በላይነህ ያስጠነቀቀው ግማሽ ደረሰ፤ አላቆመም። ከግማሽ በኋላ ሞላው እየጠነከረ ሲመጣ፣ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ሲያቃስት በጣቶቹ ይሰማው ነበር። አንድ ዙር አዞረ። አያቱ መዳፋቸውን ሳያነሡ ጠበቁ።

«ጨምር» አሉ።

ጨመረ።